ከቆርቆሮው የጎደለው ስኳር

የጣፋጭ አምሮት ከሁሉ የሚገርመኝ ሰዓት ማወቁ ነው። ጠዋት ሥራ ሲበዛ የት ገብቶ እንደሚተኛ አላውቅም፤ ምሳ ተበልቶ፣ ትሪው ተነሥቶ፣ ሆድ ራሱ «በቃኝ» ብሎ ሲመሰክር ግን ብድግ ይላል። አጠያየቁ ደግሞ የጨዋ ልጅ አጠያየቅ ነው። «አንድ ማንኪያ ብቻ» ይላል። እናንተም እንደኔ ልበ ቡቡ ከሆናችሁ፣ አንድ ማንኪያ ብቻውን መኖር እንደማይወድ እያወቃችሁ ትሰጡታላችሁ። ረሃብ እንዲህ አይደለም። ረሃብን ደረቅ ቂጣም ያስታርቀዋል። አምሮት ግን የሚፈልገውን በስሙ ጠርቶ ነው የሚያዝዘው፤ በምትኩ ሌላ ብታቀርቡለት ያኮርፋል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር ጉልበቴን አሞኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጄ የሚሆን ሐኪም ሚዛን ላይ አቆመኝና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ «እማማ፣ ውፍረት መቀነስ አለብዎት። ስኳር ይተዉ» አለኝ። «እማማ» ያለኝን ይቅር አልኩት። «ስኳር ይተዉ» ሲለኝ ግን ሳላስበው ሣቅሁ። ግራ ገብቶት አየኝ። አይፈረድበትም። ስኳር በቀበሌ ካርድ በሚታደልበት፣ ተራው የደረሰ ዕለት ከጎህ ጀምሮ ሰልፍ በሚያዝበት ከተማ ውስጥ ስኳር በዝቶባት የወፈረች ባልቴት ስትገኝ፣ ከየት አመጣችው ማለቱ አይቀርም። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ረጅም ነው፤ ከኋላዬም በሽተኛ ተሰልፎ ነበር። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያንን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከሰባት ዓመት በፊት እዚያው ጤና ጣቢያ፣ ከባለቤቴ ከአስፋው ጎን ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ተመካሪው እሱ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

አስፋው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ሰፊ ሰው ነው። ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ብስክሌቷ የምታቃስት ይመስለኝ ነበር። ሀዋሳ ዳገት የሌላት ሜዳ መሆኗን ለተማሪዎቹ በካርታ ያስረዳል፤ ለእኔ ግን «ፈጣሪ ለእኔ አዝኖ ደልድሏት ነው» ይለኛል። ሻይ ሲጠጣ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምርና አያማስለውም። ለምን ስለው፣ «ታች ስደርስ እንዳገኘው ነዋ። ሰው እኮ የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል» ይላል። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፒያሳ ኬክ ቤት ጎራ ብሎ ቦምቦሊኖ ይበላል። ጢሙ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር ሳሳየው «ጠመኔ ነው» ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጢሙ ላይ ጠመኔ የሚቀርበት አስተማሪ እሱ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሐኪሙ ደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን፣ ልቡም መድከሙን ነግሮት፣ ዐሥራ አምስት ኪሎ እንዲቀንስና ጣፋጭ እንዲተው አዘዘው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እርስዎ ይጠብቋቸው» አለ። እንዲህ ሆኖ በገዛ ባሌ ላይ ዘብ ተሾምኩ።

ሹመት ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ያን ጊዜ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ያደረገኝ ሌላ ችሎታ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። አብዮትም ቢሆን የሚያምር ጽሑፍ ይፈልጋል። ስብሰባው ያወራል፣ ሊቀመንበሩ ይወስናሉ፣ እኔ እገለብጣለሁ። በዚያው ሰሞን የገለበጥኩት አንድ ዝርዝር ነበር። ልጆቻቸው ለውትድርና ተጠርተው የጠፉባቸው ቤቶች፣ ልጆቹ እስኪገኙ ድረስ ከቀበሌው ሱቅ እንዳይገዙ የሚል ነው። ከስሞቹ መካከል የእማማ ማርታ ስም ነበረበት።

እማማ ማርታ ከጓሯችን ከቅንጭቡ አጥር ወዲያ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት ከጎረቤት ጋር ሲኖሩ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን፣ በለሆሳስ ይዘምራሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እሱም ጠፋ። ስማቸውን ስጽፍ እጄ ቆም ማለቱን አስታውሳለሁ። ቆም አለና ቀጠለ። ቀለም ስለፈሰሰብኝ ያንን ወረቀት ትቼ በሌላ ገለበጥኩት፤ የተበላሸውን ከሌሎች ብልሹ ወረቀቶች ጋር ቤት ወሰድኩት። ወረቀት ውድ ስለሆነ ለመጠቅለያ እናስቀምጥ ነበር። ማታ ለአስፋው ነገርኩት። «ምን ላድርግ፣ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ» አልኩት። ሰማኝና፣ «እውነትሽን ነው» አለኝ። ክፉ አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ስኳሩ ልመለስ። የዘብነቱን ሥራ በወጉ ያዝኩት። የስኳሩን ቆርቆሮ ጉንዳን እንዳይገባበት ውኃ ያለበት ሳህን ላይ አቁሜ፣ ከዱቄቱ እንስራ ኋላ ደበቅሁት። ለአስፋው ጠዋት ጠዋት አንዲት ማንኪያ በስኒ ማስቀመጫ አድርጌ ለብቻ አቀርብለታለሁ። ከዚያች በስተቀር ወዮለት። እሱም አልተቃወመም። አምሮቱ ሲመጣበት ቅርንፉድ ያኝካል። አንድ ወዳጁ «አፍን ያታልላል» ብሎ መክሮት ነው። ከኮቱ ኪስ ቅርንፉድ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቤቱም፣ ትራሱም፣ የተማሪዎቹ ደብተር ሳይቀር ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። ፒያሳ ሲደርስ ኬክ ቤቱን ላለማየት ብስክሌቱን በማዶ በኩል ይነዳ ነበር። እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ። ፊቱን ወደ ጋሪዎቹ አዙሮ፣ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያልፍ።

ኪሎውን የሚለካው ቀበሌው ሱቅ ውስጥ፣ በእህል ሚዛን ላይ ነበር። ሱቁን የሚጠብቁት ጋሽ ወርቁ ከስንዴው ጆንያ ጎን ያቆሙትና፣ «ቲቸር፣ ስንዴ ብትሆን ለሁለት አባወራ ትበቃ ነበር» ይሉታል። በሁለተኛው ወር ደግሞ፣ «አሁን ለአንድ ተኩል ነህ» አሉት። ሰልፈኛው ሁሉ ሣቀ። አስፋው ተደስቶ መጥቶ ነገረኝ።

እኔ አልተደሰትኩም። ምክንያቱም የቆርቆሮው ስኳር ይጎድል ነበር።

ጥርጣሬዬ የጀመረው በዐይን ግምት ነው። ከዚያ በቆርቆሮው ውስጥ በኩል በእርሳስ መስመር አሠመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስኳሩ ከመስመሩ ወረድ ብሎ አገኘዋለሁ። ቦታ ቀየርኩበት፤ ያገኘዋል። ክዳኑን በክር አሠርኩት፤ ክሩን ፈትቶ እንደነበረ አስመስሎ ያሥረዋል፤ ግን የእኔ ቋጠሮ ወደ ግራ ነው፣ የእሱ ወደ ቀኝ። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኮቱ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። ኪሱን ገለበጥኩት። ከቅርንፉዱ መካከል የስኳር ፍሬዎች ነበሩ።

አልጠየቅሁትም። ጉንዳን አይዋሽም ብዬ ፈረድኩ። እናንተ ሴቶች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ባል በሌላ ሴት ሲጠረጠር ያለው ንዴት አንድ ነገር ነው፣ በስኳር ሲጠረጠር ያለው ንዴት ደግሞ የባሰ ነው። ምክንያቱም ለማንም አቤት የማይባልበት ነው። የሰርጉን ኮት ከሣጥን አውጥቶ ለበሰና «የሽዬ፣ ነይ እይ፣ ተቆለፈልኝ» ሲለኝ እንኳ፣ ሆዱ ገብቶ፣ አዝራሮቹ በየቦታቸው ገብተው እያየሁ፣ «ጨርቁ ለቆ ይሆናል» አልኩት። ሃያ ዓመት ሣጥን ውስጥ የተኛ ኮት እንዴት ይለቃል? ግን አልኩት። ኮቱን አወለቀና አጥፎ መለሰው።

ነገሩ የፈነዳው ክርስትና ቤት ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሥተው ጠርተውን ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ምግቡ ካበቃ በኋላ ሻይ ሲመጣ ወይዘሮ ብርቄ ለክብሩ ብለው ስኳሩን በገዛ እጃቸው ሊጨምሩለት ሲሉ፣ አስፋው ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። «ይቅርብኝ። የሽዬ ትቆጣለች» አለ።

«አይ የሺ፣ እንዲህ ታስፈራሪዋለሽ?» አሉኝ ወይዘሮ ብርቄ። ሰው ሣቀ።

እኔም ሣቅሁ። ሣቄ ግን ሌላ ነበር። «በሰው ፊት ነው እንጂ ቤቱማ ከቆርቆሮው ይልሳል» አልኩ። «ሰርቆ። በኪሱ ቋጥሮ። ጉንዳኖቹን ጠይቋቸው።»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። አንዱ «ቲቸር፣ ተያዝክ» አለው። ሌላው «ለካ የቀነሰው ኪሎ ወደ ኪስ ገብቶ ነው» አለ። አስፋው ከሁሉም ጋር ሣቀ። ከሁሉም ቀድሞ ግን አቆመ። እጁን ከብርጭቆው አነሣ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረ፣ እንደ ድሮው ሳያማስል ጠጣው፤ ታች ያለው ላይ ሲደርስ ግን አስቀመጠው። እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲቀር አየሁ። ስኳር ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንመለስ ብስክሌቷን እየገፋ፣ እኔ በጎኑ እየሄድኩ፣ ከአጥራችን ደረስን። በር ላይ፣

«የሽዬ» አለኝ፣ «ቆርቆሮውን ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ አድርጊው። ቁልፉን አንቺ ያዢው።»

«ጥፋተኛ ነኝ ማለትህ ነው?»

«አንቺ እንዳትቸገሪ ነው።»

አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ስኳሩ ከመስመሩ ዝቅ አላለም። እኔ ካወጣሁት በስተቀር አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። አሸነፍኩ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። እሱ ጠዋት የምሰጠውን አንዲት ማንኪያ በስኒ ማስቀመጫዋ ይዞ፣ ሻዩን ወደ ጓሮ በረንዳ ወስዶ መጠጣት ጀመረ። ኩርፊያ መስሎኝ ተውኩት።

ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ማለዳ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል የመምህራን ክፍል ገብቶ ወንበር ላይ ዐረፍ አለ። ደወል ሲደወል አልተነሣም። ልቡ ነው አሉ። ዐሥራ ሦስት ኪሎ ቀንሶ ነበር። ሁለት ይቀሩት ነበር።

የለቅሶውን ነገር ብዙ አልናገርም፤ ያየ ያውቀዋል። ልብሱን ዘርግተን፣ የሰርጉንም ኮት ከላይ አድርገን አለቀስን። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ስኳሩ ወጣ። ከእሱ አፍ የጠበቅሁትን ስኳር ለቀስተኛው በሁለት ቀን ጨረሰው። በሦስተኛው ቀን ሻዩ ባዶውን መቅረብ ጀመረ፤ ማንም አላማረረም፤ ዘመኑ ነው።

በሰልስቱ ማግስት፣ ሰው ቀለል ሲል፣ እማማ ማርታ በቅንጭቡ ቀዳዳ በኩል መጡ። ቀድመው ያልመጡት የቀበሌ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ትንሽ ቅርጫት ይዘዋል። አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«የሺ፣ ሻይ ስኳር የለውም አሉኝ» አሉ። ቅርጫቱን ከፈቱት። በወረቀት የተጠቀለሉ፣ አፋቸው የተጠመዘዘ ብዙ ጥቅልሎች ናቸው። ትልልቆቹ እፍኝ የሚሞሉ ናቸው፤ ትንንሾቹ ግን የአውራ ጣት ያህል፣ አንድ ማንኪያ ቢይዙ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የመምህር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያመጣልኛል። ‹ሐኪም እኔን ከለከለኝ፣ ድርሻዬ ነው፣ እርስዎ ይጠጡ› ይላል። በኋላ ትንንሽ ሆነ። ግን በየቀኑ ሆነ። ጠዋት በአጥሩ ላይ ይሰጠኛል።»

በረንዳው ትዝ አለኝ። የስኒ ማስቀመጫዋም።

«ታዲያ ለምን አልጠጡትም?» አልኳቸው። ሌላ የምጠይቀው ጠፍቶኝ ነው።

«እኔ ስኳር መች እወዳለሁ? ቡናዬ በጨው ነው፣ ከልጅነቴ።»

«ለምን አልነገሩትም?»

እማማ ማርታ ልጅ እንደሚያዩ አዩኝ። «ሰው ከአፉ ቀንሶ ያመጣውን አልፈልግም ይባላል?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ለአንቺ እንዳልናገር ብሎኛል። ‹የሺ ጸሐፊ ናት፣ ካወቀች መከራ ይሆንባታል› አለ። አሁን እሱ የለም፣ ነገርኩሽ» አሉኝ።

አንዱን ጥቅልል ፈታሁት። ስኳሩን ወደ ስኳር ዕቃው ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ቀለም የፈሰሰበት ነው። ከቀለሙ በላይ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ጽሑፌ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል፤ ከስሞቹ መካከል የእሳቸው ስም አለ። አስፋው የመጣለትን ወረቀት ሳያይ አንሥቶ እንደሆነ፣ ወይም አይቶ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እማማ ማርታ ወረቀቱን አይተው ለእኔ ፈገግ አሉልኝ። ማንበብ አይችሉም። እኔ እችላለሁ።

ያን ስኳር ለቀስተኛው ጠጣው። ሊቀመንበራችን ሳይቀሩ ማምሻውን መጥተው ሁለት ብርጭቆ ጠጡና «ዛሬ እንኳን ሻዩ ሻይ ሆኗል» አሉ። አመሰግናለሁ አልኳቸው።

ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው በጣም የሚወደውን ነገር ከራሱ ከለከለ፤ ነገሩን ለማይወድ ሰው ሰጠ፤ ተቀባዩም ይሉኝታ ይዞት ተቀበለ፤ እኔ ደግሞ የሌባ ስም ሰጠሁት። ጉንዳኖቹ እውነታቸውን ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ስኳር አለ ብለው ነገሩኝ። ለማን ነው ብዬ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ብጠይቀው ኖሮ ደግሞ፣ እውነቱን እናውራ ካላችሁ፣ «ተው፣ ጣጣ ታመጣብናለህ» ብዬ አስቆመው ነበር። ያንን ስለሚያውቅ ነው ሌባ መባልን የመረጠው። ከእሱ ሞት ይልቅ አንዳንድ ቀን የሚያስለቅሰኝ ይህ ነው፤ ያን ያህል ደህና አድርጎ ያውቀኝ ነበር።

በዓመቱ አዲስ ዝርዝር እንድገለብጥ ተሰጠኝ። እማማ ማርታን ከሚገዙት መካከል ጻፍኳቸው። እጄ ቆም አላለም። ሊቀመንበሩ ተቀበሉኝና «ጽሑፍሽ መቼም» ብለው ፈረሙበት። ሰው የሚያየው የጽሑፉን ማማር ነው። ያን ያህል ቀላል እንደነበረ ሳውቅ የሆንኩትን አልነግራችሁም።

ልጃቸው እስካሁን አልተገኘም። እማማ ማርታ ግን በየወሩ ስኳራቸውን ከቀበሌው ሱቅ ያወጣሉ። ማውጣታቸው ደስ ይላቸዋል፤ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ይላሉ። ከዚያ በወረቀት ይጠቀልሉትና በቅንጭቡ ቀዳዳ ያቀብሉኛል፤ ቡናቸው በጨው ነዋ። እኔም እቀበላለሁ። የራሴም ድርሻ አለ፤ ቤቱም ውስጥ የሚጠጣው እኔ ብቻ ነኝ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አሁን ገባችሁ ከየት እንደወፈርኩ?

ከጤና ጣቢያው የተመለስኩ ዕለት በቁርጠኝነት ወደ አጥሩ ሄድኩ። «እማማ ማርታ፣ ሐኪም ስኳር ከልክሎኛልና…» ልል ነው። ጥቅልሏን ይዘው ቆመዋል። አፏን አስፋው ይጠመዝዝ እንደነበረው አድርገው ጠምዝዘዋታል። «እንካ» አሉኝ፤ አማርኛቸው አንዳንዴ ወንድ ያደርገኛል። ተቀብዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ስኳሩን እንዴት እንደምተወው አላውቅም። ለጊዜው ምሳ በልቼ አምሮቱ ብድግ ሲል፣ ከሰርጉ ኮት ጎን ተሰቅሎ ከኖረው የሥራ ኮቱ ኪስ አንዲት ቅርንፉድ አወጣለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሽታዋ አልለቀቀም። ኪሱ ውስጥ አምስት ነበሩ። ዛሬ ሁለት ቀሩኝ።